የእናቴ ፊት ያለበት ቦርሳ

ጥቅምት 11

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ የጉልበትዎ ሕመም ለቅቆዎት፣ የክርና የአዝራር ሱቅዎም ገበያ ቀንቶት ያገኝዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ከጀርባው የደበቅሁት ነገር የለም፤ ይህን የምጨምረው ደብዳቤዬን ለእናቴ ሲያነቡላት «አቶ ስጋቱ ደግሞ ምን ሸሽጎ ይሆን» እንዳትባባሉ ነው።

በስልክ መነጋገር እንደማይሆንልኝ ያውቃሉ። ስልኩን ሳነሣ የምለው ይጠፋኛል፤ እናቴም ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ በስልክ የሚደርሳት ጩኸት ብቻ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ባያልፍም ወረቀት ላይ ግን ቃል ይታዘዝልኛል፤ ያልሆነውን ሰርዤ፣ የሆነውን አስተካክዬ ለመላክ ጊዜ አለኝና።

ስለ ሥራዬ ጠይቀውኛል። የምሠራው ቀድሞ የመኪና ጋራዥ በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ወለሉ ላይ ያለው የዘይት ጥቁረት እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የምናመርተው የአቡጀዲ ቦርሳ ነው፤ ሰው በፌስታል ፋንታ ገበያ ይዞት ሄዶ፣ አጥቦ መልሶ የሚይዘው። ደንበኛው የወደደውን ሥዕል ወይም ፎቶ ያመጣል። ሥዕል አስተካካይዋ በኮምፒውተር አጥርታ በልዩ ወረቀት ላይ ታወጣውና ለእኔ ትሰጠኛለች። እኔ ወረቀቱን በፊቱ ደፍቼ ቦርሳው ላይ አስተኛዋለሁ፤ ከዚያ የጋለውን የማሽን ብረት እጫንበታለሁ። ብረቱ ሲነሣና ወረቀቱ ሲላጥ ሥዕሉ ጨርቁን ይዞ ይቀራል። ሥራው ይኸው ነው። ጠዋት የጀመርሁት እንቅስቃሴና ማታ የምጨርሰው እንቅስቃሴ አንድ ነው።

ከጎኔ ባለው ማሽን የሚሠራውን ሰው፣ ፊቱ ዘወትር ስለሚኮማተር፣ ሎሚ እንለዋለን። የሠርግም የለቅሶም ትእዛዝ ይመጣልናል፤ ሰው የሞተባቸው የሟቹን ፎቶ አሳትመው ለአጽናኞቻቸው ያድላሉ። ሎሚ ታዲያ «ሙሽራም ሬሳም በእኛ ብረት ሥር ነው የሚያልፈው» ይላል። እሱ ሲናገር ይስቃል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ አላይም።

ከዚህ ጋር ጽጌረዳ ያለበት አንድ ቦርሳ ልኬልዎታለሁ። ለእናቴ ደግሞ የራሷን ፊት አትሜ ልልክላት አስቤአለሁና የአሁን ፎቶዋን ይላኩልኝ። ክረምት ላይ ፈነዳ ያሉኝ የቤታችን ቧንቧስ ተሠራ ወይ? እኔ እዚህ ቆሜ የምውለው የአባቴ ቤት በር በእናቴ እጅ ተከፍቶ በእናቴ እጅ እንዲዘጋ ነው። ሌላ ሰው ያንን ደጃፍ ሲረግጥ ሳስብ እንቅልፍ ይሸሸኛል። ይህን ቃሌን ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብለው ያንብቡላት።

እጅዎን እነሣለሁ።
የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 20

ልጄ፣ የኔ ጭንቀታም፣

ከላይ የሚወርደው ምሕረት ይሁንልህ፣ ከታች የሚበቅለው እሾህ አይንካህ። እኔ አለሁ፤ ጉልበቴም አለ፣ ሕመሙም አለ፣ ተስማምተው ይኖራሉ።

ቦርሳህ ደረሰ። ሱቅ በር ላይ ሰቅዬው አንዷ ደንበኛ «ከየት ገዛሽው?» ብትለኝ «አልተገዛም፣ እህቴ የወለደችው ልጅ ነው የሠራው» አልኳት። «ለእኔም ይሥራልኛ» አለች። «መጀመሪያ አዝራር ግዢ» አልኳት። ገዛች። እና አሁን ነገሩ ገባኝ፤ ለሱቄ የሚሆን ሥራልኝ። መርፌና ክር ይኑርበት። መርፌው ጎላ ይበል፣ ግን ጦር እንዳይመስል፤ ክር ሻጭ ነኝ፣ ዘማች አይደለሁም።

እናትህ ደህና ናት። ትንሽ ደክሟት ነው፣ አታስብ። ፎቶ ተነሺ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ እርጅና ሲመጣ ሰው ከመስታወት ጋር ይጣላ የለ? ቤት የነበረውን ልኬልሃለሁ፣ እሱ ያምርባታል። ቧንቧው ከተሠራ ቆየ። ሠራተኛው ደህና ሰው ነው፣ እጁ ይባረክ።

ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ። ሰምታለች።

በል ምግብ አትዝለል። አንተ ሲጨንቅህ መጀመሪያ የምትጣላው ከሆድህ ጋር ነው።

አክስትህ


ታኅሣሥ 25

ለተከበሩ አክስቴ፣

ዓመቱ ለሱቅዎም ለሰውነትዎም የቀለለ ይሁን። የመርፌው ቦርሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስዎታል። የመጀመሪያዎቹን አበላሽቻቸው ነበር፤ አቡጀዲ እርጥበት ይይዛልና አስቀድሞ በባዶው ካልተተኮሰ ሥዕሉ ከሥሩ ይነፋል። ይህን እያወቅሁ ዘነጋሁት። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሐሳቤ የነበረበትን ልንገርዎ። የላኩልኝ ፎቶ የቆየ ነው። ከእናቴ ኋላ የተሰቀለውን አረንጓዴ መጋረጃ እኔ ራሴ ነኝ ያወረድሁት፤ ያኔ አባቴ በሕይወት ነበረ። «ቤት የነበረውን» ብለው ጽፈዋልና አላታለሉኝም። ነገር ግን የአሁኑን ፎቶ ለምኜ ስለምን የድሮው መጣልኝ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ሌላም አለ። አባቴ የታመመ ጊዜ እኔ ከቤት ርቄ በሥራ ላይ ነበርሁ። እርስዎ ያኔ የጻፉልኝ ቃል «ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው፣ አታስብ» የሚል ነበር። ቤት ስደርስ ልብሱ ተጣጥፎ፣ አልጋው ተነሥቶ አገኘሁ። ለእኔ አዝነው እንዳደረጉት አውቃለሁና አልወቅስዎትም። ብቻ ያው ቃል ተመልሶ ሲመጣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነባለሁ።

ስለዚህ ፎቶውን ትቼ ትንሽ ነገር ልለምን። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ አውራ ጣቷን ግን ቀለም ነክራ ከደብዳቤዎ ግርጌ ታሳርፍልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም። ብርዱ እንዳይጎዳት ሹራብ ገዝቼላታለሁ፤ መንገደኛ እንዳገኘሁ እልከዋለሁ።

እጅዎን እነሣለሁ።
የእህትዎ ልጅ


የካቲት 14

ልጄ፣

ጤናህን ያብዛልህ። ስለዘገየሁ አትቀየም፣ ሥራ በዝቶ ነው። የመርፌው ቦርሳ ደርሷል፣ ሰው ወዶታል።

ሹራቡን አትላክ። አያስፈልጋትም። እዚያው ለሚበርደው ሰው ስጠው።

የአሻራውን ነገር ለጊዜው ተወው። ስትመጣ በአካል ሁሉን ትጨርሳለህ። የእናንተን ቤት ጣሪያ ዝናቡ አስቸግሮት ነበር፣ ተከራዩ መምህር ወጥቶ ደፈነው፣ አሁን ደህና ነው።

ወንድ ልጅ ነህ፣ ሆደ ሰፊ ሁን። በዚህ ዓለም የማይሆን ነገር የለም። አታስብ።

አክስትህ


መጋቢት 3

ለተከበሩ አክስቴ፣

ለእርስዎና ለቤቱ ሁሉ ብርታትን እመኛለሁ።

ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት አነበብሁት። አጥፌ ኪሴ ከተትሁትና ወደ ማሽኔ ተመለስሁ። የዚያን ቀን ሥራዬ አልተበላሸም፤ አለቃችንም «ዛሬ እጅህ ቀናው» አለኝ።

አሁን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ማወቄን ለማስታወቅ ነው። በእናቴ ቤት ተከራይ ገብቷል። ሹራብ አያስፈልጋትም። አሻራዋ ሊመጣ አልቻለም። መርዶ ለመንገር ቃል መምረጥ፣ የሚነግር ሰው መፈለግ፣ ሰሚው ብቻውን እንዳይሆን መጨነቅ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ያንን ሸክም ከትከሻዎ ላነሣልዎ ብዬ ነው። እንዴት እንደሆነች፣ መቼ እንደሆነች አልጠይቅዎትም። መንገር ሲችሉ ይነግሩኛል።

ከዚህ ጋር በጆንያ የተሰፋ ዕቃ ይደርስዎታል። ቦርሳዎች ናቸው። ቀብሯ ላይ ያልቆምሁ ልጅ ቢያንስ በእጁ የሠራውን ይላክ ብዬ ነው።

ፎቶውን ለሥዕል አስተካካይዋ ስሰጣት «ምኑን ላስተካክል?» አለችኝ። እንዳለ ተይው አልኋት። ኮምፒውተሯ ውስጥ ለለቅሶ የተቀመጠ ጽሑፍ አለ፤ ስም ብቻ እየቀየረች ታወጣዋለች። እኔ ግን የራሴን ሰጠኋት፤ «እናታችን፣ በሩን ዘግተሽ ሄድሽ» የሚል። ረጅም አልሆነልኝም።

አለቃችን በምሳ ሰዓት ማሽኑን እንድጠቀም ፈቀደልኝ። ሎሚ መጥቶ ቆመ።

«የማን ትእዛዝ ነው?»

«የእኔ።»

«ሴትዮዋ ማናቸው?»

«እናቴ ናት።»

ቀልድ የጠበቅሁት ከእሱ ነበር። እሱ ግን የቦርሳዎቹን ክምር ወደ ራሱ ሳበና ጨርቁ ላይ የቀረውን ብናኝ አንድ በአንድ እያራገፈ ያቀብለኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረ። «ትንሽ ከፍ አድርጋት፤ ቦርሳው ዕቃ ሲሞላ ታችኛው ይጨማደዳል፤ አገጫቸው እንዳይታጠፍ» አለኝ። ከፍ አደረግኋት።

ብረቱን ስጫን እንደ ሌላው ሥራ ነበር። የመጀመሪያው ጠርዙ ጨርቁን በደንብ አልያዘም፤ ደገምሁት። ከዚያ ወዲህ የማስበው እሱን ነው፤ ወረቀቱ ሲላጥ የእናቴ ፊት ወጣ፣ እኔም ያየሁት ጠርዙን ነበር።

ለቅሶ እስኪመጣልኝ እየጠበቅሁ ነው፤ አልመጣም። እበላለሁ፣ የበላሁት ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ሰው እግሬን ረግጦ ይቅርታ ሲለኝ ነው የተረገጥሁ መሆኔ የሚገባኝ። ታምሜ አይደለም፤ እንዳያስቡ። ሰዓቱ ሲደርስ እነሣለሁ፣ ሰዓቱ ሲደርስ እተኛለሁ።

ቦርሳዎቹን መጥተው ላጽናኑዎት ሰዎች ያድሉልኝ፤ አንዱን ለራስዎ ያስቀሩ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከአባቴ አጠገብ ከሆነ የተቀበረችው፣ «አዎ» ብለው በአንዲት ቃል ይጻፉልኝ።

እጅዎን እነሣለሁ።
የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 9

ሰላምታው በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ ይህን አንብብ፤ እናትህ አልሞተችም።

ደግመህ አንብበው። አልሞተችም። አሁን እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ ከክሩ መደርደሪያ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ «ጻፍሽው? ጻፍሽው?» እያለች ጆሮዬን ታደነቁረኛለች። እኔ ነኝ የሞትኩት፣ በሐፍረት።

ባል አግብታለች። ይኸው ነው የደበቅንህ። ሌላ የለም።

ሰውየው ቧንቧ ሠራተኛው ነው። ክረምት ላይ የፈነዳውን ሊሠራ መጣ። ቧንቧው በአንድ ቀን ተሠራ፣ እሱ ግን መመላለሱን አልተወም። «ምን ዓይነት ቧንቧ ነው ይሄ፣ በየሳምንቱ ሐኪም የሚያየው?» አልኳት። «አሁንም ያንጠባጥባል» አለችኝ። ምንም አያንጠባጥብም፣ ሄጄ አይቻለሁ። ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ልጅ የሌለው፣ መጠጥ የማይወድ ሰው ነው። ጆሮው ከእሷ የባሰ ነው፤ ሁለቱ ጨዋታ ሲይዙ መንገደኛ ጠብ መስሎት ሊገላግል ይገባል። መስከረም ላይ ጠቅልላ እሱ ቤት ገባች፤ የእናንተን ቤት ለመምህሩ አከራየች።

ልንጽፍልህ ስንል ያንተ ደብዳቤ ቀደመን። «የአባቴ ቤት በር በእናቴ እጅ ተከፍቶ በእናቴ እጅ ይዘጋ» የምትለዋ። ጆሮዋ ሥር አንብቢላት አልክ፣ አነበብኩላት። «ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ አንቺ ግን እንዳትተነፍሺ» አለችኝ። ፎቶ ብላት «ደስታዬ ፊቴ ላይ ያስታውቃል፣ ያውቅብኛል» ብላ እምቢ። አሻራ ብላት «በውሸትሽ ሥር ጣቴን አላሳርፍም፤ የዋሸሽው አንቺ፣ ፈርሚበት አንቺ» አለች። ሹራቡንም ተይ ያለችኝ እሷ ናት፤ «እያታለልኩት ደግሞ ልብሱን ልልበስ?» ብላ። እኔ ሞኟ በመሃል ቤት ቆሜ አንዱን ስሸፍን ሌላው ይገለጣል። የአባትህ ጊዜ ቃሌን እንደያዝክብኝ ስታስታውሰኝ እንኳ አልነቃሁም። አንተን ለማዳን ብዬ እናትህን ገደልኳት።

ጆንያውን የፈታሁት እሷ እያለች ነው። የሱቄ ትእዛዝ መስሎኝ። ደብዳቤውን ሳላነብ ቦርሳውን አወጣሁ። እናትህ ከእጄ ተቀበለችኝና ዘርግታ አየችው።

«ይሄ መጋረጃ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ?» አለች። ቀጥላ «ከሥሩ ያለው ምንድን ነው የሚለው?» አለች።

«ጌጥ ነው» አልኳት።

«ፊደልን ከጌጥ መለየት አያቅተኝም፤ አንብቢው።»

አነበብኩላት። ጆሮዋን ታውቀዋለህ፣ ቀስ ብሎ ማንበብ የለም፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። ከዚያ ደብዳቤህን አንብቢ አለች፣ እሱንም አነበብኩ። ስጨርስ «አላለቀሰም ነው የሚለው?» አለችኝ።

«አልመጣልኝም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ለማን ብዬ ሞትኩ?» አለች።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗን አላየሁም፤ እሷም ፊቷን አላዞረችልኝ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርህና ትንሽ ሳቅ። አንዱን ቦርሳ ይዛ ሽንኩርት ልትገዛ ሄደች። አትክልት ሻጯ ቦርሳውን አየች፣ እሷን አየች፣ መልሳ ቦርሳውን አየችና ሚዛኑን ጥላ ቆመች። «አትደንግጪ፣ ልጄ ቀድሞ ነው» አለቻት። ባሏ ደግሞ ፊደል አልቆጠረም፤ ፎቶው ስላማረው መፍቻና ቱቦውን ሞልቶበት ሥራ ወጣ። የገባበት ቤት ሁሉ ነፍስ ይማር እያሉ ሲያጽናኑት ዋሉ፤ አልሰማቸው፣ ስለ ቧንቧው የሚያመሰግኑት መስሎት እጅ እየነሣ ዋለ።

አሁን እሷ የምትለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፋለሁ፤ እጄን ይዛኛለች።

«ልጄ፣ አለሁ። ቤትህን አከራየሁት እንጂ አልሸጥኩትም፤ ስትመጣ ያንተ ነው። አባትህን በሰው አልለወጥኩም። ብቻዬን መብላት ነው የሰለቸኝ። አንድ ሳህን አንድ ማንኪያ ማጠብ። ላንተ መንገር ፈራሁ፤ ልጅን መፍራት ምን እንደሚመስል ወልደህ እየው። ከተቀየምክ ተቀየምኩ በለኝ፣ እችለዋለሁ። ተመለሺ ካልከኝ ግን አልመለስም፤ ይህን ደግሞ አንተ ቻለው። ቦርሳዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። ቀኑ ሲደርስ ለአክስትህ ወጪ ይቀንሱላታል። ይኸው ጣቴ፤ አሁን እውነት ስለሆነ።»

ከዚህ በታች ያለው ሰማያዊ እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ነው የረገጠችው፣ የመጀመሪያው ደበዘዘብኝ ብላ።

ሰላምታዬ ይኸው፤ ይቅር በለኝ። ቶሎ ጻፍ። እሷ አትናገረውም እንጂ ፖስታ ቤት ደጃፍ ሳትደርስ የምትውልበት ቀን የለም።

አክስትህ


ግንቦት 16

ለእናቴ፣

እስከ ዛሬ ከኖርሽው ዕድሜ የሚቀርሽ ይብለጥ። አክስቴ ይህን ታነብልሽ ዘንድ፣ ሳታሳጥር ታነብልሽ ዘንድ፣ አደራ እላታለሁ። አክስቴ ሆይ፣ በእርስዎ ቂም የለኝም።

ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ እጄ ላይ የልጆች ትምህርት ቤት ትእዛዝ ነበረ። ማሽኑ አጠገብ ቆሜ አነበብሁት። ሎሚ አይቶኝ «ደግሞ ማን ሞተ?» አለኝ።

«አለች» አልሁት።

«ማን?»

«እናቴ። አግብታ ነው።»

ሎሚ ብረቱን ወደ ላይ እንደያዘ ቆየ። «ሰውየ፣ በሬሳ ተቀብለናቸው ሙሽራ ሆነው ተመለሱ በለኛ። ታዲያ ምን ያስቆዝምሃል?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። እውነቴን ነው። ለሥዕል አስተካካይዋም ነገራት፤ ተነሥታ ጨበጠችኝ። አለቃችን ሻይ ገዛልኝ። ሁሉም ደስ አላቸው። እኔ ሻዩን ጠጣሁና ትእዛዙን እስከ ማታ ጨረስሁ።

እናቴ፣ አንቺ ደብቀሽኝ ነበርና እኔ ልደብቅሽ አልፈልግም። ደስታው ገና አልደረሰኝም። ለቅሶውን ስጠብቅ ሳይመጣ ቀርቶ ነበር፤ እሱ ሳይመጣ ደስታው በየት በኩል እንደሚገባ አላወቅሁም። ጣትሽ ያረፈበትን ቦታ በጣቴ ነካሁት። ወረቀት ነው። ነገር ግን በማግስቱ በልቼ ሳበቃ ወጡ ጨው እንደበዛበት ታወቀኝ፤ ወጡን ለሚያካፍለኝ ጎረቤቴም ነገርሁት፤ እሱም «እዚህ ግቢ ከገባህ ጀምሮ እንዲሁ ነው» አለኝ። ይህን እንደ ምልክት ብትወስጂው አልከለክልሽም።

ቁጣንም ፈለግሁት። ሰው የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱን እየዳበሰ እንደሚፈልግ ፈለግሁት። የአባቴን ቤት፣ የአባቴን በር፣ እኔ ራሴ የጻፍሁትን ቃል እያነሣሁ ራሴን ቀሰቀስሁት፤ አልነሣ አለኝ። አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ያልሽው ብቻ ነው ውስጤ የቀረ። እኔም የማጥበው ያንኑ ነው።

ስለዚህ መልሴ ይህ ነው። አልተቀየምሁም። ተመለሺ አልልሽም። ባለቤትሽን ምን ብዬ እንደምጠራቸው እስኪገባኝ ድረስ «እሳቸው» እላቸዋለሁ፤ ለእሳቸው የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጮክ ብለሽ። ሹራቡን ለማንም አልሰጠሁም፤ ነገ መንገደኛ አለ።

አሁን ወደ ቦርሳዎቹ ልምጣ። ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጡ አልፈቅድም። አንቺ ለቀልድ እንዳልሽው አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቀልድ አልችልም፤ ሣጥኑ ሲከፈት ነው የሚታየኝ። አውጪያቸውና ለአክስቴ ደንበኞች፣ ለእሳቸው መፍቻ፣ ለመምህሩ ደብተር፣ ለጎረቤት ሁሉ ይታደሉ። ሰው ቢስቅ ይሳቅ።

ለደንበኛ ቦርሳ ስናስረክብ ሥዕሉ እንዲበረክት ምክር እንሰጣለን። ገልብጠው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት፣ ሥዕሉን አይሹት፣ ጥላ ሥር ያስጡት፣ ካውያ አያሳርፉበት እንላለን። አንቺ ከዚህ ሁሉ ተቃራኒውን አድርጊ። ሳትገለብጪ በፈላ ውኃ ዘፍዝፊው። ፊቱን ከፊቱ ጋር አጋጥመሽ እሺው። ጠራራ ፀሐይ ላይ አስጪው። ድንችም ከሰልም ሙይበት። መጀመሪያ ፊደሉ በጠርዝ በጠርዙ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ መጋረጃው ይፈዛል፤ ፊትሽ መጨረሻ ነው የሚሄደው። እስኪጠፋ ድረስ በእጅሽ ይዘሽው ውጪ፤ ከጠፋም በኋላ ነጩን ያዢው፤ ጨርቁ ጠንካራ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ላሳውቅሽ። ያንን ሥራ ስሠራ ምንም ባይሰማኝም እጄ አልሰነፈም፤ ጠርዙ አልያዘልኝም ያልሁትን እንኳ ደግሜዋለሁ። በደንብ ነው የታተመው፣ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እጠቢው፤ ብዙ ዓመት እጠቢው።

ልጅሽ